ባቲን ሲያልፍ የሚሞት ኤሲ፦ በኮምቦልቻ የተመረመረ የአንድ አሮጌ የጭነት መኪና ጉዳይ

ከኮምቦልቻ ተነሥቶ በባቲ በኩል ወደ ሚሌ የሚወርድ የጭነት መኪና፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ከሆነ ከፍታ ተነሥቶ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከ500 ሜትር በታች ወደሆነ ቆላ ይገባል። ኮምቦልቻ ላይ ጠዋት መስኮት ዝቅ ማድረግ የሚበቃው ሹፌር፣ ሚሌ ላይ ከሰዓት በኋላ ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ የሆነ ሙቀት ይቀበለዋል። በዚህ መስመር የሚሠራ ሰው ኤሲን እንደ ምቾት ዕቃ አይቆጥረውም።

ጉዳዩ የተጠናበት ባለ ተሳቢ መኪና በዚሁ መስመር ወደ ጅቡቲ የሚመላለስ፣ እ.ኤ.አ. በ1991 የተሠራ፣ የ24 ቮልት ኤሌክትሪክ ያለው የአውሮፓ ሥሪት ነው። ኤሲው ከፋብሪካ ሲወጣ አር12 በሚባለው ጋዝ እንዲሠራ ተሰናድቶ ነበር። አር12 የኦዞን ንጣፍን ስለሚጎዳ እ.ኤ.አ. በ1987 በተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት በበለጸጉት አገሮች ምርቱ ከ1996 ጀምሮ፣ በታዳጊዎቹ ደግሞ ከ2010 ጀምሮ እንዲቆም ተደርጓል፤ በዕድሜ የገፉ መኪኖች አብዛኞቹም ወደ አር134ኤ ተቀይረዋል። ይህም መኪና ከብዙ ዓመታት በፊት ተቀይሯል። ሞተሩ አጠገብ የተለጠፈው ሳህን ግን ዛሬም «አር12፣ 1,200 ግራም» ይላል። ይህ ሳህን በኋላ ላይ ከችግሩ ምንጮች አንዱ ሆኖ ተገኝቷል።

የሹፌሩ አቤቱታ አጭር ነበር፦ «ኮምቦልቻ ላይ እንደ በረዶ ነው፤ ባቲን ሳልፍ ይሞታል።» መኪናው ወደ እኛ ከመምጣቱ በፊት በመንገዱ ባሉ የተለያዩ ጋራዦች ታይቶ ነበር፤ የሁሉም መልስ «ጋዝ አልቋል» የሚል ሲሆን፣ የሁሉም ሕክምና ጋዝ መጨመር ነበር። መጀመሪያ አካባቢ ጋዝ ሲጨመር መጠነኛ መሻሻል ይታይ እንደነበር፣ እየቆየ ግን በተጨመረ ቁጥር እንደባሰበት ሹፌሩ ገልጿል። ጋዝ በእርግጥ ያነሰው ኤሲ ጋዝ ሲጨመርለት አይብስበትም፤ ስለዚህ ምርመራው ሳይጀመር «ጋዝ አልቋል» የሚለው መልስ ቢያንስ በቂ አለመሆኑ ታውቆ ነበር።

ቀጥሎ የተደረገው ሹፌሩን መጠየቅ ነው። በእኛ ሙያ ይህ ሥራ የሚገባውን ያህል ቦታ አይሰጠውም፤ መኪናው ሲቆም የግፊት መለኪያ ጌጅ ይያያዛል፣ ሹፌሩም ሻይ ጠጥቶ እንዲመለስ ይነገረዋል። ይህ ሹፌር ግን መስመሩን ለረጅም ዘመን ያውቀዋል፤ ሲጠየቅም ሁለት ነገሮችን ነገረን። የመጀመሪያው፣ በሌላው ቀን ኤሲው የሚቆመው ከባቲ በታች ቁልቁለቱ አልቆ ሙቀቱ ሲበረታ ቢሆንም፣ ሰኞ ቀን ግን ከተማው ውስጥ እያለ ይቆማል የሚለው ነው። ሰኞ የባቲ ገበያ ነው፤ ግመሉ፣ ፍየሉና ሰዉ መንገዱን ስለሚሞላው መኪና የሚያልፈው በእግር ጉዞ ፍጥነት ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ ኤሲው አንዴ ከቆመ ሚሌ ላይ ለምሳ ያህል አርፎ ቢነሣም እንኳ አመሻሽ ላይ አየሩ ቀዝቀዝ እስኪል ድረስ አይመለስም የሚል ነበር።

ባቲ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች የአየሩ ሙቀት ብቻውን ሰኞን ከማክሰኞ አይለይም። የሚለየው የመኪናው ፍጥነት ነው፤ ፍጥነት ሲቀንስ ደግሞ በኮንደንሰሩ (ጋዙ ሙቀቱን ለውጭው አየር ሰጥቶ ፈሳሽ በሚሆንበት ከራዲያተሩ ፊት ባለው ክፍል) ላይ የሚያልፈው ንፋስ ይቀንሳል፣ ግፊቱም ያሻቅባል። ጥርጣሬያችን ወደ ኮንደንሰሩ ያዘነበለው በዚህ ምክንያት ነው። ሁለተኛው ምልክት ግን ከዚህ ጋር አይሄድም ነበር። የኮንደንሰር ችግር ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ግፊቱ ከወረደ በኋላ ኤሲው ቢያንስ ለጥቂት ደቂቃ ይሠራ ነበር።

ችግሩ የሚታየው ኮምቦልቻ ላይ ባለመሆኑ መኪናውን ተከትሎ ሚሌ መውረድ አንዱ አማራጭ ነበር፤ ወጪውን ግን ባለቤቱ አልፈቀደም፣ እኛም አስፈላጊ ሆኖ አላገኘነውም። በምትኩ፣ ጋዙን የሚጨምቀውን ኮምፕሬሰር ከሞተሩ ጋር ለሚያያይዘው ክላች ኤሌክትሪክ ከሚያደርሰው ፊሎ ላይ አንዲት ትንሽ የ24 ቮልት አምፖል ተቀጥላ ሹፌሩ በሚያያት ቦታ ጋቢና ውስጥ ተተከለች። አምፖሏ ስትጠፋ ወደ ክላቹ የሚሄደው ኤሌክትሪክ ተቋርጧል ማለት ነው፤ እየበራች ትኩስ አየር የሚወጣ ከሆነ ግን ኤሌክትሪኩ እየደረሰ ክላቹ አልያዘም፣ ወይም ክላቹ ይዞ ኮምፕሬሰሩ ሥራውን አልሠራም ማለት ነው። ሹፌሩ በቀጣዩ ጉዞው ይህንኑ እንዲከታተልና ሰዓቱንና ቦታውን እንዲጽፍ ተነገረው።

ያመጣው ማስታወሻ ከጠበቅነው በላይ ግልጽ ነበር። ከባቲ በታች ሙቀቱ ሲበረታ አምፖሏ ጠፍታለች፤ ጥቂት ቆይታ በርታ እንደገና ጠፍታለች፤ ይህ ሲደጋገም ቆይቶ በመጨረሻ በርታ ቀርታለች፣ ይሁንና አየሩ ትኩስ ሆኖ ቀጥሏል። ሚሌ ላይም ቆሞ በተነሣ ጊዜ አምፖሏ ትበራ ነበር፣ ቅዝቃዜ ግን አልነበረም። ሹፌሩ ሳይጠየቅ ያከለው ነገር ቢኖር «ብርሃኗ ደብዘዝ ያለች ናት» የሚል ነው። ስለዚህ አንድ ሳይሆን ሁለት ብልሽት ነበረ፤ አንደኛው ኤሌክትሪኩን የሚያስቆርጥ፣ ሁለተኛው ኤሌክትሪኩ ሲመለስ ክላቹ እንዳይይዝ የሚያደርግ።

በጋራዡ የተደረገው ምርመራ የተጀመረው ሌሊቱን ጥላ ውስጥ ባደረው መኪና ላይ፣ ሞተሩ ሳይነሣ ነው። ይህን ልኬት ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ በዚህ ጉዳይ ግን ከሁሉ በላይ የተናገረው እሱ ነው። በሥርዓቱ ውስጥ ፈሳሽና ተን አብረው እስካሉ ድረስ፣ ንጹሕ አር134ኤ የሚያሳየው ግፊት በሙቀቱ ብቻ ይወሰናል፤ 500 ግራምም ቢኖር 1,500 ግራም ያው ነው። የድራየሩና (ከጋዙ እርጥበት የሚመጠው ዕቃ) የኮንደንሰሩ ብረት 20 ዲግሪ ነበር። በዚህ ሙቀት የአር134ኤ ፍጹም ግፊት (ከባዶ ተነሥቶ የሚቆጠረው) 5.7 ባር ነው፤ በኮምቦልቻ ከፍታ የአየሩ ግፊት 0.81 ባር ገደማ ስለሆነ፣ ከአየሩ በላይ ያለውን ብቻ የሚያሳየው ጌጅ ወደ 4.9 ባር ማሳየት ነበረበት። ሁለቱም ጌጆች ያሳዩት ግን 6.4 ባር ነው። ጌጆቹ ተፈትተው አየር ላይ ዜሮ መሆናቸው ተረጋገጠ፤ ልኬቱም ተደግሞ ያው ሆነ።

ትርፉ 1.5 ባር የጋዙ አይደለም። በየጋራዡ ቱቦው በተያያዘ ቁጥር፣ ውስጡ ያለው አየር ሳይወጣ፣ ቫኪዩም ሳይሳብ ጋዝ ተገፍቶ ገብቷል፤ አየርም አብሮ ገብቷል። አየር ኮንደንሰር ውስጥ ፈሳሽ አይሆንም፤ የኮንደንሰሩን ቦታ ይዞ ይቀመጣል እንጂ። ትርፉ አየር ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ምንጩ ካልታወቀ ሲሊንደር የተሞላ ጋዝ ከፕሮፔን ዓይነት ተቀጣጣይ ጋዝ ጋር የተቀላቀለ ሊሆን ስለሚችል፣ ከዚህ ልኬት በኋላ በመኪናው አቅራቢያ እሳትና ብየዳ ተከለከለ።

ሞተሩ ተነሥቶ በ1,500 ዙር ሲሠራ፣ የውጭው አየር 24 ዲግሪ እያለ፣ የዝቅተኛው ግፊት 2.4 ባር፣ የከፍተኛው 15 ባር ነበር። ከመንፊያው የሚወጣው አየር 11 ዲግሪ ገደማ ስለነበር ጋቢናው ውስጥ ለተቀመጠ ሰው ኤሲው ጤነኛ ነው። ከኮምቦልቻ ወጥተው የማያውቁ ባለሙያዎች በዚህ ቢታለሉ አይፈረድባቸውም። 15 ባር ግን ለዚህ አየር ብዙ ነው። በአር134ኤ ሰንጠረዥ ላይ ይህ ግፊት፣ የአየሩ 0.81 ሲደመርበት፣ ከ57 ዲግሪ በላይ ከሆነ ሙቀት ጋር ይገጥማል፤ ማለትም ኮንደንሰሩ ከውጭው አየር በ33 ዲግሪ የበለጠ ግሎ እንደሚሠራ ያህል ነው፣ ጤነኛ ሲሆን ግን ልዩነቱ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ቢሆን ነው። ይኸው ልዩነት ሳይቀየር መኪናው 42 ዲግሪ ወደሆነ ቆላ ቢወርድ የኮንደንሰሩ ሙቀት 75 ዲግሪ ይደርሳል፣ ፍጹም ግፊቱም 23.6 ባር ይሆናል። በዚህ ላይ ፍጥነት ቢቀንስ፣ ግፊት ሲበዛ የክላቹን ኤሌክትሪክ እንዲያቋርጥ የተሠራው የግፊት ስዊች የሚቆርጥበት 27 ባር ሩቅ አይደለም።

ስሌቱን በተግባር ለማየት ከኮንደንሰሩ ፊት ካርቶን እየተገፋ የንፋሱ መግቢያ ቀስ በቀስ ተሸፈነ። ይህ ሙከራ አንድ ሰው ዓይኑን ከጌጁ ሳያነሣ፣ ሌላው እጁን ከማጥፊያው ሳያርቅ የሚደረግ ነው። ግፊቱ 27 ባር ሲደርስ ክላቹ ለቀቀ፣ አምፖሏም ጠፋች። ሹፌሩ ባቲ ላይ በየሰኞው የሚያየው ይህን ነበር። ቀደም ሲል አንድ ጋራዥ ውስጥ ይህን ስዊች በፊሎ አገናኝቶ ከጥቅም ውጭ ማድረግ ቀርቦለት ሹፌሩ እንዳልተቀበለ ነግሮናል፤ ደግ አድርጓል። ስዊቹ ባይኖር ቀጣዩ መከላከያ ከ35 ባር በላይ የሚከፈተው የኮምፕሬሰሩ ማስተንፈሻ ነው፤ እሱም በዚህ ዕድሜው መከፈቱን የሚያረጋግጥ የለም።

የአር12 እና የአር134ኤ ልዩነት የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በ20 ዲግሪ የሁለቱ ጋዞች ግፊት እኩል ነው ለማለት ይቻላል፣ ሁለቱም 5.7 ባር ገደማ ናቸው። በ60 ዲግሪ ግን አር12 15.3 ባር ሲሆን አር134ኤ 16.8 ይደርሳል፤ ሙቀቱ ሲጨምር ልዩነቱም ይሰፋል። ለአር12 ተለክቶ የተሠራ ኮንደንሰር በደጋ ምንም ሳይሰማው ውሎ በቆላ የሚደክመው ስለዚህ ነው። በዚህም ምክንያት የተቀየረ ሥርዓት የሚሞላው በፊት ይይዝ ከነበረው ከ80 እስከ 85 በመቶ ያህል ነው፤ ለዚህ መኪና 1,000 ግራም ገደማ ማለት ነው። በሥርዓቱ ውስጥ የነበረው ሁሉ በማሽን ተሰብስቦ ሲመዘን 1,450 ግራም ሆነ። አንድ ሰው ሳህኑን አንብቦ 1,200 ሞልቷል፣ ሌሎች ደግሞ በላዩ ጨምረዋል።

ኮንደንሰሩ ከፊት ሲታይ ንጹሕ ነበር፤ የጋራዡ ልጆችም በውሃ አጥበውት ነበር። ቆሻሻው ያለው ከኋላው፣ በእሱና በራዲያተሩ መካከል ባለው ጠባብ ክፍተት ውስጥ ነው። ማሰሪያዎቹ ተፈትተው ወደ ፊት ዘንበል ሲደረግ ገለባ፣ የነፍሳት ክንፍና በሞተር ዘይት የረጠበ አቧራ እንደ ጭቃ ልስን ተጋግሮ ተገኘ። የቬንትሌተሩ መከለያ የታችኛው ግማሽም ተሰብሮ ወድቋል፤ መኪናው በዝግታ ሲሄድ ቬንትሌተሩ የሚስበው አየር በኮንደንሰሩ በኩል ሳይሆን ከሥር እየዞረ ከሞተሩ ክፍል ይመጣ ነበር።

ሁለተኛው ብልሽት ቀላል ነው፤ ቢሆንም ከመጀመሪያው ጀርባ ተሸሽጎ ስለነበር ማንም አላየውም። ኮምፕሬሰሩ ግሎ ሳለ የክላቹ ኤሌክትሪክ በቴስተር ሲለካ፣ ባትሪው ላይ 27.6 ቮልት እያለ ክላቹ ጋ የደረሰው 20.5 ቮልት ነበር። ሰባቱ ቮልት የጠፋው በዛገ ማገናኛና ቀለም ላይ በታሰረ ማሳ (ኤሌክትሪኩን ወደ መኪናው ብረት የሚመልሰው ፊሎ) ነው። በክላቹና በፑሊው መካከል ያለው ክፍተትም 1.1 ሚሊሜትር ሆኖ ተገኘ፣ መሆን የነበረበት ግን ከ0.4 እስከ 0.8 ነው። የመዳብ ጥቅል ሙቀቱ በ80 ዲግሪ ሲጨምር የመቋቋም አቅሙ በ30 በመቶ ገደማ ያድጋል፤ ስለዚህ ቀዝቃዛ ሳለ 2 አምፔር የሚስበው ክላች፣ ግሎና በ20.5 ቮልት ሲሠራ 1.3 አምፔር ብቻ ያገኛል። በሰፋ ክፍተት ላይ ይህ ጉልበት የክላቹን ሳህን ስቦ ከፑሊው ጋር ለማጣበቅ አይበቃም። አንዴ የያዘ ክላች በዚህም ኤሌክትሪክ ይዞ ሊቆይ ይችላል፤ ችግሩ ስዊቹ ከቆረጠ በኋላ እንደገና መያዝ ላይ ነው። የሹፌሩ አምፖል ደብዝዛ እየበራች ትኩስ አየር የሚነፋው፣ አመሻሽ ላይም ሁሉም ነገር ሲበርድ «የሚድነው» ለዚህ ነበር።

በጥገናው ላይ ብዙ የሚባል የለም። ማገናኛው ተቆርጦ ታደሰ፣ ማሳው ባዶ ብረት ላይ ታሰረ፣ ከክላቹ ሥር ካሉት ስስ ቀለበቶች አንዱ ወጥቶ ክፍተቱ 0.5 ሆነ። ኮንደንሰሩ ከኋላ ወደ ፊት ኃይሉ በተቀነሰ ውሃ ታጠበ፤ የተሰበረው መከለያ በቆርቆሮ ተሠራ። በናይትሮጂንና በሳሙና አረፋ ፍተሻ ከኮምፕሬሰሩ የሚወጣው ቱቦ አንገት ላይ አዝጋሚ መፍሰስ ተገኘ፤ ከሁሉ በፊት ጋዙ እንዲቀንስ ያደረገው ይህ ሳይሆን አይቀርም። ቱቦው ደሴ ተልኮ ለአር134ኤ በሚሆን ጎማ ተተካ። ድራየሩ ተቀየረ። ዘይቱ ወጥቶ በኤስተር ዘይት ተተካ፤ ይህ የተመረጠው ከድሮው ማዕድናዊ ዘይት የሚቀረውን ትራፊ ከሌላው ዓይነት ይልቅ ስለሚታገሥ ነው።

ቫኪዩም በሚሳብበት ጊዜ ግን ክርክር ተነሣ። መርፌው 24 ኢንች ሜርኩሪ አካባቢ ደርሶ አልወርድ ሲል፣ ከረዳቶቹ አንዱ «ጋሼ፣ አሁንም ያፈስሳል፤ ሠላሳ አልሞላም» አለ። ሠላሳ የሚለው ቁጥር ከመጻሕፍት የመጣ ነው፣ መጻሕፍቱም የተጻፉት በባሕር ጠለል ላይ ላለ ጋራዥ ነው። ጌጁ የሚያሳየው በዙሪያው ካለው አየር በታች ምን ያህል እንደተወረደ ነው፤ ኮምቦልቻ ላይ አየሩ ራሱ 24 ኢንች ያህል ብቻ ስለሚመዝን ከዚያ በታች መውረጃ የለም። 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ደሴ ደግሞ መጨረሻው 22 ነው። ይህን ባለማወቅ ስንት ጤነኛ ፓምፕ እንደተጣለ፣ ስንት የማያፈስስ ሥርዓት እንደተፈታ መገመት አያስቸግርም። በተቃራኒውም፣ እዚህ 24 ላይ የደረሰ መርፌ ውስጡ መድረቁን አይመሰክርም፤ ተራ ጌጅ በመጨረሻዋ ጫፍ ያለውን ልዩነት አይለይምና። ፍጹም ግፊትን በማይክሮን የሚያሳይ ዲጂታል መለኪያ ካለ ከ500 በታች ማድረስ ነው፤ እኛ ያደረግነው ፓምፑን ከአንድ ሰዓት በላይ ማሠራት፣ ከዚያ ቫልቩን ዘግቶ መርፌው ለግማሽ ሰዓት ከቦታው አለመነቃነቁን ማየት ነበር። አልተነቃነቀም።

1,000 ግራም ንጹሕ አር134ኤ በሚዛን ተሞላ። በ25 ዲግሪ አየር ከፍተኛው ግፊት 11.5 ባር፣ ዝቅተኛው 2 ባር፣ ከመንፊያው የሚወጣው አየር 7 ዲግሪ ሆነ። በቀደመው መጠን በካርቶን ሲሸፈን ግፊቱ ከ21 ባር አላለፈም። ከአሮጌው ሳህን አጠገብም የጋዙን ዓይነትና መጠን፣ የዘይቱንም ዓይነት የሚናገር አዲስ ጽሑፍ ተለጠፈ።

በአንድ ጉዳይ ላይ ከባለቤቱ ጋር አልተስማማንም። የእኛ ሐሳብ ኮንደንሰሩ ለአር134ኤ በተሠራና ሙቀት በማስወጣት በሚበልጠው ባለ ጠፍጣፋ ቧንቧ ዓይነት እንዲተካ ነበር። ባለቤቱ ዋጋውን አይቶ በኮንደንሰሩ ፊት በግፊት ስዊች የሚነሣ የ24 ቮልት የኤሌክትሪክ ቬንትሌተር ብቻ እንዲጨመር ወሰነ። ውሳኔው ስሕተት ነው ለማለት አያስደፍርም፤ ቬንትሌተሩ የሚረዳው በትክክል መኪናው በዝግታ በሚሄድበት ጊዜ ነውና።

አምፖሏ ከጋቢናው አልተነሣችም። ሹፌሩ ከወረደ በኋላ በስልክ እንዳስታወቀን፣ ሰኞ ቀን ባቲን ሲያቋርጥ አልጠፋችም፤ ሚሌ ላይ በ41 ዲግሪ ሙቀት ከመንፊያው የሚወጣው አየር በሰጠነው ቴርሞሜትር 13 ዲግሪ ነበር። ጭኖ ሲመለስ ከባቲ በታች ባለው ዳገት፣ በአነስተኛ ማርሽ ለረጅም ጊዜ ሲጎትት አንድ ጊዜ ጠፍታ ወዲያው በርታለች፣ ቅዝቃዜውም አብሮ ተመልሷል። ክላቹ ድኗል፤ ኮንደንሰሩ ግን በሙሉ ጭነት ዳገት ላይ አሁንም በአቅሙ ጠርዝ ላይ እንደሚሠራ ባለቤቱ ተነግሮታል። የኮምፕሬሰሩ ዘንግ መዝጊያ ላይ የታየችው ቀጭን የዘይት እርጥበትም በሚቀጥለው የሞተር ዘይት ቅያሪ እንድትታይ በመዝገቡ ላይ ሰፍራለች።